አረፋ፣ ኖራና ሕያው ድንጋይ፦ የኮራል ገንዳ ማጣሪያዎች ታሪክ

በ1832 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዣን ቪልፕሩ-ፓወር የተባለች ፈረንሳዊት በሲሲሊ ደሴት፣ በመሲና ወደብ፣ የመስታወት ሣጥን አሠራች። ዣን በወጣትነቷ ፓሪስ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ የልዕልት ካሮሊንን የሠርግ ቀሚስ የጠለፈችው እሷ ናት። ካገባች በኋላ ኑሮዋ ሲሲሊ ሆነ፤ እዚያም አርጎናውት የሚባለውን የኦክቶፐስ ዘመድ ማጥናት ጀመረች። ይህ እንስሳ የሚኖርበትን ስስ ቅርፊት ራሱ ይሠራዋል ወይስ ከሌላ ይወስዳል? በዘመኑ የነበሩ ሊቃውንት በዚህ ይከራከሩ ነበር። ክርክሩን መፍታት የሚቻለው እንስሳውን በሕይወት እያለ ቀን በቀን በማየት ብቻ ስለነበር ሣጥኑ ለዚህ ተሠራ። መልሱም ተገኘ፤ ቅርፊቱ የእንስሳው የራሱ ሥራ ነው። ማጣሪያ ግን አላስፈለጋትም። ባሕሩ ደጃፏ ላይ ስለነበር የቆሸሸውን ደፍቶ አዲስ መቅዳት ይበቃ ነበር።

የማጣሪያ ነገር ጥያቄ የሆነው ከባሕር በራቀ ቤት ነው። በ1846 አና ታይን የተባለች እንግሊዛዊት ከቶርኪ የባሕር ዳርቻ ጥቂት ድንጋያማ ኮራሎች ሰበሰበች። ባሏ በለንደኑ ዌስትሚንስተር አቤይ የሚያገለግል ካህን ስለነበር ኮራሎቹን ይዛ የምትመለሰው ወደ ዋና ከተማዋ ነው። በመንገድ እርስ በርስ ተጋጭተው እንዳይሰበሩ በመርፌና በክር ከትልቅ ስፖንጅ ጋር ሰፋቻቸው። ለንደን ከገባች በኋላ የባሕር ውሃ እያስመጣች ትቀይርላቸው ነበር፤ ውሃው ሲያጥራት ግን ያንኑ ደጋግማ መጠቀም ግድ ሆነባት። ዘዴዋ ይህ ነበር፤ የቤት ሠራተኛዋ በየቀኑ በተከፈተ መስኮት ፊት ቆማ ውሃውን ከዕቃ ወደ ዕቃ ከግማሽ ሰዓት እስከ አርባ አምስት ደቂቃ ታገላብጠዋለች። ውሃው አየር ያገኛል፤ ኮራሎቹም ይተነፍሳሉ። ለእኔ የመጀመሪያው የኮራል ገንዳ ፓምፕ የዚያች ሠራተኛ ክንድ ነው፤ ከእመቤቷ ስም ጋር አብራ ልትነሳ ይገባታል። በዓመቱ አና የባሕር አረም ጨመረችበት፤ ኮራሎቹም ሦስት ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት እስኪቀር ድረስ ኖሩ። ዛሬ እንኳ ሁሉ መሣሪያ እያለው ለዚህ የማይበቃ ገንዳ ብዙ ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ በኬሚስቶች እጅ ገባ። ሮበርት ዋሪንግተን በ1850 ባሳተመው ጥናት ዓሣ፣ የውሃ ተክልና ቀንድ አውጣ በአንድ ዕቃ ውስጥ ሳይቀየር በቆየ ውሃ አብረው መኖር እንደሚችሉ አሳየ። ተክሉ ኦክስጅን ይሰጣል፤ ዓሣው ለተክሉ ምግብ የሚሆነውን ይሰጣል፤ ቀንድ አውጣው የበሰበሰውን ይበላል። ይህ ሐሳብ በውበቱ ብቻ አውሮፓን ማረከ። በ1853 በለንደን የእንስሳት መጠበቂያ ለሕዝብ የተከፈተ የዓሣ ቤት ሠሩ፤ በዓመቱ ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ ስለ አኳሪየም የጻፈው መጽሐፍ ወጣና በየሳሎኑ የባሕር ውሃ ያለበት መስታወት ታየ። ብዙም አልቆየም። በብርሃን የተጥለቀለቀው ውሃ አረንጓዴ ሆነ፣ ከዚያ ሸተተ፣ ከዚያ ሁሉም ሞተ። ጎስና ዋሪንግተን ያዩት ሚዛን እውነት ነው፤ ነገር ግን በጥቂት ሊትር ውሃ ውስጥ ያ ሚዛን በአንድ የሞተ ትል ይፈርሳል።

ይህን በሚገባ የተረዳው በትምህርት ቤት ያልተማረ፣ ራሱን በራሱ ያስተማረ ሰው ነው። ዊልያም አልፎርድ ሎይድ ለንደን ውስጥ የአኳሪየም ዕቃ ነጋዴ ነበር። በ1864 የተከፈተውን የሃምቡርግ አኳሪየም፣ በ1871 ደግሞ የክሪስታል ፓላስን አኳሪየም ውሃ ያቀናበረው እሱ ነው። የሎይድ ሐሳብ በሁለት ቃል ይነገራል፤ ብዛትና ጨለማ። እንስሳቱ ካሉበት ገንዳ ስር ከላይኛው ውሃ ብዙ እጥፍ የሚይዝ ጨለማ ማጠራቀሚያ አስቆፈረ፤ በእንፋሎት ኃይል የሚሠሩ ፓምፖች ቀንና ሌሊት ውሃውን ወደ ላይ ይገፋሉ፤ ውሃውም እየተንዶለዶለ ይመለሳል። ጨለማው አልጌን ይገታል፤ ብዛቱ ቆሻሻውን ያሳንሳል፤ ፍሰቱ ኦክስጅን ይሰጣል። በኔፕልስ አንቶን ዶርን የመሠረተው የባሕር ጥናት ጣቢያ አኳሪየሙን በ1874 ሲከፍት የውሃ ዝውውሩን ያዘጋጀለት ይኸው ሎይድ ነበር። ዛሬ በየቤቱ ከገንዳው ስር ካቢኔ ውስጥ ተደብቆ የሚቀመጠው ሁለተኛ ገንዳ፣ ሰዎች ሳምፕ የሚሉት፣ የሎይድ ማጠራቀሚያ ነው። አንድ ሰው ገንዳ ሊያቋቁም ሲነሳ ገንዘቡን በመጀመሪያ የት ያውል ብባል ትልቅ ሳምፕ ላይ እላለሁ፤ ከዚያ በኋላ የመጡት መሣሪያዎች ሁሉ ማረፊያቸው እሱ ነው።

ሎይድ ሳያውቀው በድንጋዩና በቧንቧው ላይ ሌላ ሠራተኛ ነበረው። በ1877 ሽሎዚንግና ሙንትዝ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን የፍሳሽ ውሃ በአሸዋ ውስጥ ቀስ ብሎ ሲያልፍ አሞኒያው ወደ ናይትሬት እንደሚለወጥ፣ ለዋጩም ሕይወት ያለው ነገር መሆኑን አሳዩ። አሸዋውን በክሎሮፎርም ሲያደነዝዙት ለውጡ ይቆማል፤ ክሎሮፎርሙ ሲወገድ ይመለሳል። በ1890 ሰርጌ ቪኖግራድስኪ ዙሪክ ውስጥ ባክቴሪያዎቹን ለየ። አንዱ ወገን አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ናይትራይትን ወደ ናይትሬት ይለውጣል። አሞኒያ ዓሣን በጥቂቱ ይገድላል፤ ናይትሬትን ግን ዓሦች ብዙ እስኪጠራቀም ይታገሡታል። የገንዳ ባለቤቶች ይህን እውቀት በእጃቸው ለማስገባት ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ፈጀባቸው። እውቀቱም ገና አልተጠናቀቀም ነበር፤ በ1998 በገንዳዎች ውስጥ ናይትራይትን በዋናነት የሚለውጠው ለመቶ ዓመት ሲነገርለት የኖረው ናይትሮባክተር ሳይሆን ናይትሮስፓይራ መሆኑን የቲሞቲ ሆቫኔክ ቡድን በዘረ መል ምርመራ አሳይቷል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ባሕሩ እንደገና ወደ ሳሎን ገባ። በማያሚ ሮበርት ስትራውን ጠጠር ከተነጠፈበት ስር ቀዳዳ ያለው ጠፍጣፋ ፕላስቲክ አድርጎ፣ በአየር አረፋ ኃይል ውሃውን በጠጠሩ ውስጥ እያሳለፈ የባሕር ዓሣ ማኖርን አስተማረ፤ መጽሐፉም በ1959 ወጣ። ጠጠሩ የባክቴሪያ ቤት ሆነ። በ1960ዎቹ ደግሞ ሲሊኮን ማጣበቂያ መጣና ጨው የሚበላው የብረት ፍሬም ቀረ። ዓሣው ኖረ። ኮራሉ ግን አልኖረም። በእነዚያ ዓመታት ፎቶዎች የሚታየው ኮራል ከባሕር ወጥቶ፣ ተቀቅሎ፣ በበረኪና ነጥቶ ለጌጥ የተቀመጠ አጽም ነው። ሰው ሕያዋኑን ገድሎ መቃብራቸውን በገንዳው ያስቀምጥ ነበር፤ ያን ጊዜ ሌላ ነገር ይቻላል ብሎ የሚያምን ጥቂት ነበር።

ከጥቂቶቹ አንዱ ጃካርታ ውስጥ ይኖር ነበር። ሊ ቺን ኤንግ በ1961 በአንድ የአሜሪካ የዓሣ መጽሔት ላይ ስለ ገንዳው ጻፈ። ማጣሪያ የለውም። ከባሕር ወለል ገና እንደወጣ ያመጣው፣ በላዩና በውስጡ ትል፣ ስፖንጅ፣ አልጌና ባክቴሪያ የሞላበት ድንጋይ አለው፤ ከጥግ በኩል ዝግ ያለ የአየር አረፋ ይወጣል፤ ፀሐይ በመስኮት ትገባለች። በዚያ ውስጥ ሕያው ኮራል ይኖራል። አንባቢው በአብዛኛው አላመነውም። የሞከሩትም ቢሆኑ የጃካርታ ፀሐይና በአንድ ቀን ከባሕር የሚደርስ ድንጋይ አልነበራቸውም፤ ሳምንት ተጉዞ፣ ግማሹ ሞቶ የደረሰ ድንጋይ ገንዳውን ራሱን ያገማዋል። ስለዚህ የዚህ ታሪክ ትልቁ ግኝት ሃያ ዓመት ያህል ተዘንግቶ ቆየ። ለምን ትልቁ እንደምለው ወደ በርሊን ስንደርስ ይታያል።

በዚያው በ1960ዎቹ ምዕራብ ጀርመን ውስጥ ነገሩ በሌላ አቅጣጫ ሄደ። የማዕድን ሠራተኞች ከክፍለ ዘመኑ መጀመሪያ ጀምሮ የተፈጨ ድንጋይ ውስጥ አየር እየነፉ የብረት ማዕድኑን በአረፋ ያወጡ ነበር። ኤርቪን ዛንደርና ሌሎች የጀርመን ሠሪዎች ይህንኑ ለባሕር ውሃ አዋሉት። በውሃ ውስጥ የሚሟሟ ፕሮቲንና ቅባት አንድ ጫፉ ውሃ ይወዳል፣ ሌላው ጫፉ ውሃ ይሸሻል፤ የሚሸሸው ጫፍ የአየር አረፋ ሲያገኝ ይጣበቅበታል። በቀጥ ያለ ቱቦ ውስጥ እጅግ ብዙ ደቃቅ አረፋ ሲነፋ አረፋው ቆሻሻውን ተሸክሞ ወደ ላይ ይወጣና ጽዋ ውስጥ ቡናማ ፈሳሽ ሆኖ ይደፋል። ይህ ስኪመር የሚባለው ነው። ከሌሎቹ ማጣሪያዎች የሚለየው አንድ ነገር አለ፤ ሌሎቹ ቆሻሻው ከበሰበሰ በኋላ አሞኒያውን ይለውጣሉ፣ ስኪመር ግን ሳይበሰብስ ከውሃው ያወጣዋል። በጨዋማ ውሃ አረፋ ደቆ ስለሚቆይ ይሠራል፤ ጨው በሌለው ውሃ ግን አረፋው እየተገጣጠመ ስለሚተልቅ ብዙ አይረባም።

ስለ ስኪመር ከሚነገረው ሁሉ ለገዢ የሚጠቅመው ግን የተለካው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። በ2009 በፔንስልቫኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰሩ ኬን ፌልድማንና ባልደረቦቹ የተለያዩ ስኪመሮችን ለክተው አንዳቸውም ከውሃው ካርቦናዊ ቆሻሻ ከሦስት አንዱን ያህል ብቻ እንጂ ከዚያ በላይ እንደማያወጡ አገኙ፤ በሞዴሎቹ መካከል የነበረውም ልዩነት ከዋጋቸው ልዩነት ጋር የሚመጣጠን አልነበረም። ለገንዳው ልክ የሆነ፣ ጽዋው በቀላሉ የሚታጠብና ፓምፑ የማይጮህ ስኪመር ካለ፣ ከዚያ በላይ የሚከፈለው ገንዘብ ለሌላ ነገር ቢውል ይሻላል።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም የደከመው ከውሃው ለማውጣት ነው። ለውሃው ስለ መስጠት በሚገባ ያሰበው ፔተር ቪልከንስ ነበር፤ በ1973 በጀርመንኛ ያሳተመው መጽሐፍ ስለ ዓሣ ሳይሆን ስለ ኮራልና ስለ ሌሎች አከርካሪ አልባ የባሕር እንስሳት ነው። ድንጋያማ ኮራል አጽሙን ከካልሲየምና ከካርቦኔት ይገነባል። በባሕር ውስጥ በአንድ ሊትር 410 ሚሊግራም ገደማ ካልሲየም አለ፤ ባሕሩ ሰፊ ስለሆነ ኮራሉ የቱን ያህል ቢወስድ አይጎድልም። ገንዳ ውስጥ ግን ይጎድላል። ውሃው ንጹሕ ሆኖ፣ ዓሣው እየዋኘ፣ ኮራሉ በረሃብ ይሞታል፤ ባለቤቱም ማጣሪያው ላይ ችግር ይፈልጋል። ቪልከንስ ያቀረበው መድኃኒት የኖራ ውሃ ነው። ግድግዳ የምንቀባበት ኖራ ዘመዱ ነው፤ ልዩነቱ ለገንዳ የሚሆነው እጅግ የተጣራ መሆን አለበት። ኖራው በንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል፣ ይዘቅጣል፣ ከላይ የጠራው ቀስ እያለ ጠብ ጠብ ይላል። ኖራው በውሃው ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዝና ካልሲየሙንም ካርቦኔቱንም ኮራል በሚፈልገው ልክ ይሰጣል፤ በተጨማሪም ፎስፌትን ያዘቅጣል ይባልለታል። ሁለት ገደብ ግን አለው። የኖራ ውሃ ፒኤች ከ12 በላይ ስለሆነ በአንድ ጊዜ የደፋው ሰው ገንዳውን ይገድላል። ደግሞም የሚጨመረው ከገንዳው በተነነው ውሃ ልክ ብቻ ነው፤ በአንድ ሊትር የሚሟሟው ኖራ ከአንድ ግራም ተኩል ብዙም አይበልጥም። ቀስ እያለ የሚያማስል ሞተር ያለውን የኖራ ሪአክተር የኖርዌዩ አልፍ ያኮብ ኒልሰን ከጊዜ በኋላ አስተዋውቆታል። ለመካከለኛ ገንዳ እስከ ዛሬ ከዚህ የተሻለ ርካሽ መሣሪያ አላውቅም።

1980ዎቹ የክርክር ዘመን ናቸው። በ1980 ዋልተር ኤዲ ዋሽንግተን በሚገኘው የስሚዝሶኒያን ሙዚየም ሕያው ሪፍ ለሕዝብ አሳየ። ስኪመር አልተጠቀመም፤ በመረብ ላይ አልጌ አብቅሎ፣ ገንዳው ሲጨልም በመረቡ ላይ መብራት እያበራ፣ አልጌውን እየፋቀ ያወጣ ነበር። አልጌው የጠጣው ናይትሬትና ፎስፌት አብሮት ይወጣል። በ1987 በአውስትራሊያ ታውንስቪል የተከፈተው 2.5 ሚሊዮን ሊትር የሚይዘው ታላቅ ገንዳም ይህንኑ ዘዴ ይዞ ነበር የጀመረው። ሐሳቡ ከዋሪንግተን ሚዛን የወረደ ነው፤ እንደ ቀድሞውም ውበቱ ከሥራው ይበልጥ ነበር ባይ ነኝ፤ አልጌ የሚያፈሰው ቀለም ውሃውን ቢጫ ያደርጋል፣ ብርሃንም ይቀንሳል።

ሆላንዶች ከፍሳሽ ማጣሪያ የተወሰደውን የጠብታ ማጣሪያ አመጡ። ውሃው በፕላስቲክ ኳሶች ላይ አየር እያገኘ ይንጠባጠባል፤ ባክቴሪያውም በኳሶቹ ላይ ይሰፍራል። በ1986 ጆርጅ ስሚት በአንድ የአሜሪካ መጽሔት ተከታታይ ጽሑፍ አውጥቶ ይህን ዘዴ ሲያስተዋውቅ አሜሪካ ውስጥ ሁሉም ኳስ ገዛ። አሞኒያው በሰዓታት ውስጥ ይጠፋል። ነገር ግን ይህ እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ነበር፤ ባክቴሪያው በኦክስጅን የተጥለቀለቀ ስለሆነ ናይትሬቱ የሚሄድበት የለም፤ ወር በወር ይከማቻል፣ አልጌው ይወፍራል፣ ኮራሉ ይከሳል። ብዙ ሰው ለዓሣ የተሠራውን ማጣሪያ ለኮራል ገዛ፤ ያ ስሕተት ዛሬም በየሱቁ ይደገማል።

በርሊን ውስጥ ዲትሪሽ ሽቲዩበርና የከተማዋ የአኳሪየም ማኅበር ጓደኞቹ ከዚህ ሁሉ ተቃራኒውን አደረጉ። የጠብታ ማጣሪያውን አውጥተው ጣሉ። የቀረው ብዙ ሕያው ድንጋይ፣ ጠንካራ ስኪመር፣ ጠንካራ የብረት ሃላይድ መብራትና የቪልከንስ የኖራ ውሃ ነው። በዚህ ገንዳ አክሮፖራ፣ ማለትም በገንዳ አይኖርም ይባል የነበረው ቅርንጫፋማ ኮራል፣ አደገ፤ ተቆርጦም ለሌላ ተሰጠ፤ ከሽቲዩበር ገንዳ የወጡ ቁራጮች በጀርመን ገንዳዎች ተዛመቱ። ምክንያቱ በድንጋዩ ውስጥ ነው። የድንጋዩ ገጽ ኦክስጅን ስላለው አሞኒያን ወደ ናይትሬት ይለውጣል፤ ጥቂት ሚሊሜትር ወደ ውስጥ ሲገባ ኦክስጅኑ ያልቃል፤ እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች ከናይትሬቱ ላይ ኦክስጅኑን ወስደው ናይትሮጅኑን ወደ ጋዝ ይለውጡታል፤ ጋዙም ከገንዳው ይወጣል። ፕላስቲክ ኳስ ውስጠኛ ክፍል የለውም። ሊ ቺን ኤንግ በጃካርታ ያየው ይህ ነበር፤ በርሊኖች ደግሞ ድንጋዩ ብቻውን የማይችለውን በስኪመርና በመብራት ደገፉት። በ1994 ቻርልስ ዴልቢክና ጁሊያን ስፕሩንግ ያሳተሙት መጽሐፍ ይህን እውቀት ለእንግሊዝኛ አንባቢ አደረሰ።

በደቡብ ፈረንሳይ ሌላ መንገድ ተቀየሰ፤ ይህኛው ለእኛ ቀረብ ይላል። የኒስ ዩኒቨርሲቲው ዣን ዦቤር ከገንዳው ወለል ከፍ ብሎ በተዘረጋ ወንፊት ላይ ወፍራም የኮራል አሸዋ አንጥፎ፣ ከወንፊቱ ስር ውሃ ብቻ ያለበት ክፍት ቦታ ተወ። በአሸዋው ውስጥ ኦክስጅን ወደ ታች እየሳሳ ሲሄድ የድንጋዩን ሥራ ይሠራል፤ ከታች ያለው አሲዳማነት ደግሞ አሸዋውን እያሟሟ ካልሲየም ይሰጣል። በ1989 በሞናኮ የውቅያኖስ ሙዚየም በዚህ ዘዴ የተቋቋመው 40 ሺህ ሊትር የሚይዝ ገንዳ የተሞላው ከጅቡቲ ባሕር በመጣ ሕያው ሪፍ ነው። አዲስ አበባን ከዓለም በሚያገናኘው ወደብ አጠገብ ያደገ ኮራል ሞናኮ ላይ ዝነኛ ሆነ፤ ከኛ አገር ጅቡቲ የሚመላለስ ስንት ሰው ይህን ያውቃል?

ከ1990 ጀምሮ ድንጋያማ ኮራሎች በሙሉ የዱር እንስሳት ንግድን በሚቆጣጠረው በሳይቲስ ስምምነት ስር ገቡ። ከባሕር ማውጣት ፈቃድ የሚጠይቅ በመሆኑ ከቁራጭ ማሳደግ የበለጠ ትርጉም አገኘ፤ ሲያድጉ ግን ምግባቸው በዛ። ቅርንጫፋማ ኮራል የሞላበት ገንዳ በትነት ልክ የሚጨመረው የኖራ ውሃ አይበቃውም። በዚህ ጊዜ በዱሰልዶርፍ የሎበከ ሙዚየም አኳሪየም ይሠራ የነበረው ሮልፍ ሄቢንግሃውስ የካልሲየም ሪአክተርን ለአገልግሎት አበቃ። ሐሳቡ ውብ ነው። የተዘጋ ቱቦ በተሰባበረ የኮራል አጽም ይሞላል፤ ፓምፕ ውሃውን በውስጡ ያዞራል፤ ከሲሊንደር ካርቦን ዳይኦክሳይድ በጠብታ በጠብታ ይገባል። ፒኤቹ ወደ 6.5 ሲወርድ አጽሙ ይሟሟል፤ የሞተው ኮራል ካልሲየሙንም ካርቦኔቱንም፣ ጥቂት ማግኒዥየምና ስትሮንሺየም ጭምር፣ ሕያው ኮራል በሚወስድበት ልክ ይመልሳል። ከሪአክተሩ የሚወጣው ጠብታ ገንዳውን ይመግባል።

ይህን መሣሪያ የሚመርጥ ሰው የሚሳሳተው በቱቦው ላይ አይደለም። ቱቦ ቱቦ ነው። ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው ጋዙን የሚቆጣጠረው ክፍል ነው፤ ግፊቱ የማይዋዥቅ ሬጉሌተር፣ ጠብታን በትክክል የሚያስተካክል ጥሩ ቫልቭ፣ ፒኤች ከመጠን በላይ ሲወርድ ጋዙን የሚዘጋ መቆጣጠሪያ። ርካሽ ቫልቭ ሌሊት ተከፍቶ ያደረ እንደሆነ ጠዋት ገንዳው ሁሉ አሲዳማ ሆኖ ይገኛል። ከሪአክተሩ የሚወጣው ውሃ ትርፍ ጋዝ ስለሚይዝ የገንዳውን ፒኤች ዝቅ ያደርጋል፤ ስለዚህ አንዳንዱ ሁለተኛ ቱቦ ያስከትልበታል፣ አንዳንዱ ደግሞ ሌሊት የኖራ ውሃ ያንጠባጥባል፤ ሁለቱ አንዱ የሌላውን ጉድለት ስለሚሞሉ ይህን ጥምረት ከሁሉ አብልጬ እወደዋለሁ። ለስላሳ ኮራል ብቻ ያለው ሰው ግን አንዱም አያስፈልገው፤ አዘውትሮ ውሃ መቀየር ይበቃዋል። በ1994 ሃንስ-ቬርነር ባሊንግ የካልሲየምና የካርቦኔት ፈሳሾችን ለየብቻ የመጨመርን ዘዴ አሳተመ። ፈሳሹን እየለኩ የሚጨምሩ ትናንሽ ፓምፖች ሲረክሱ ይህ ዘዴ ለትንንሽ ገንዳዎች ከሪአክተር ቀለለ።

የኮራል ረሃብ በቤት ገንዳ ብቻ የሚታይ አልነበረም። በአሪዞና በረሃ የተሠራው ባዮስፌር 2 ከ2.5 ሚሊዮን ሊትር በላይ የሚይዝ ባሕር ነበረው። በዚያ ክሪስ ላንግደንና ጓደኞቹ የውሃውን የካርቦኔት መጠን ከፍና ዝቅ እያደረጉ ሪፉ አጽም የሚሠራበትን ፍጥነት ለኩ፤ በ2000 ያሳተሙት ውጤት ካርቦኔቱ ሲቀንስ ግንባታውም አብሮ እንደሚቀንስ አሳየ። አየሩ ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በበዛ ቁጥር በባሕሩም የሚሆነው ይኸው ነው። የሳሎን ገንዳ ባለቤት በጠብታ የሚያሟላው ጉድለት ለመላው ውቅያኖስ ማሟያ የለውም።

በ2000ዎቹ ትኩረቱ ወደ ፎስፌት ዞረ። ለዓሣ የሚሰጠው ምግብ ሁሉ ፎስፌት ይተዋል፤ ሲበዛ አልጌን ያፋፋል፣ የኮራልን አጽም ግንባታም ይጎትታል። መፍትሔው ከመጠጥ ውሃ ማጣሪያ ሠሪዎች ተገኘ። በርሊን የሚገኘው የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ በ1990ዎቹ አርሴኒክን ከጉድጓድ ውሃ የሚያስቀር የዝገት ዓይነት ጠጠር አውጥቶ ነበር፤ አርሴኒክና ፎስፌት በኬሚስትሪ ስለሚቀራረቡ ጠጠሩ ሁለቱንም ይይዛል። ጠጠሩ በቱቦ ውስጥ ተደርጎ ውሃ ከታች ወደ ላይ ቀስ ብሎ ሲገፋው የፎስፌት ሪአክተር ሆነ። ፍሰቱ ጠጠሩን ፈላ ፈላ ካላደረገው ይተሳሰራል፤ በጣም ካፈላው ይፈጭና ቀይ ዱቄቱ ገንዳ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ የሚገዛው ሪአክተር ፍሰቱ በትክክል የሚስተካከል፣ ክዳኑም ሳይፈስ በቀላሉ የሚከፈት ይሁን፤ ጠጠሩ በየጊዜው መለወጥ አለበት።

ሌላው የዘመኑ መንገድ ባክቴሪያን በካርቦን መመገብ ነበር። አልፍሬድ ሬድፊልድ ከ1934 ጀምሮ እንዳሳየው የባሕር ደቃቅ ሕይወት በአካሉ 106 ካርቦን፣ 16 ናይትሮጅንና 1 ፎስፎረስ ይይዛል። ገንዳ ውስጥ ባክቴሪያ የሚያጥረው ካርቦን ነው፤ በጀርመን ቮድካ ማንጠባጠብ ተጀመረ፣ ቆየት ብሎም የሚበሰብስ ፕላስቲክ እንክብል የሚሽከረከርበት ሪአክተር መጣ። ባክቴሪያው ካርቦኑን ሲበላ ናይትሬቱንና ፎስፌቱን ይዞ ያድጋል፤ ስኪመሩ ባክቴሪያውን ያወጣል። ብዙ ገንዳ በዚህ ጠራ፤ ብዙ ገንዳም በዚህ ተራበ። ኮራል ከአልጌ ጋር በአንድ አካል የሚኖር እንስሳ ስለሆነ ናይትሬትና ፎስፌት ፈጽሞ ሲጠፋበት ቀለሙ ይገረጣል፤ ባዶውን ቦታም ዳይኖፍላጀሌት የሚባል ልጋጋም መርዛማ አረም ይወርሰዋል። ለመቶ ሃምሳ ዓመት ውሃን ማጥራት ሲማር የኖረ ሙያ ከመጠን በላይ ማጥራት እንደሚገድል ያወቀው በዚህ ጊዜ ነው።

ከዚያ ወዲያ ገንዳው ለሌላ ሥራ ተፈለገ። ለንደን የሚገኘው የሆርኒማን ሙዚየም በ2012 ጄሚ ክራግስ የሚመራውን ፕሮጀክት ኮራል ጀመረ። ኮራል በባሕር የሚራባው በዓመት በጥቂት ሌሊቶች ብቻ፣ ሙቀቱን፣ የቀኑን ርዝመትና የጨረቃን ዑደት ጠብቆ ነው። ክራግስ በኮምፒዩተር የሚታዘዝ ሙቀት፣ የፀሐይ መውጫና መግቢያ፣ ሰው ሠራሽ ጨረቃ ያለው ገንዳ አሰናዳ፤ በ2017 ከባልደረቦቹ ጋር ያሳተመው ጥናት አራት የአክሮፖራ ዓይነቶች በዝግ ገንዳ ውስጥ በታቀደላቸው ጊዜ እንቁላልና ዘር እንደለቀቁ ይገልጻል። ይህን እውቀት የወሰደው የፍሎሪዳ አኳሪየም በነሐሴ 2019 በበሽታ ሊጠፋ የተቃረበውን የአትላንቲክ አምድ ኮራል በገንዳ አራባ። ለዚህ ሁሉ መሠረቱ ለዓመታት ሳይዋዥቅ የቆየ ውሃ ነው፤ ለመራባት የደረሰ ኮራል የካልሲየም ጉድለትን አይታገሥም።

በሐምሌ 2023 የፍሎሪዳ ባሕር ነደደ። በማናቲ ቤይ የተተከለ መለኪያ ከ38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ አሳየ። ጠላቂዎች በባሕር ውስጥ ከነበሩ የኮራል ማሳደጊያዎች በሺዎች የሚቆጠሩ ቁራጮችን እየነቀሉ በሎንግ ኪ ደሴት ወደሚገኘው የባሕር ላቦራቶሪና ወደ ሌሎች የመሬት ገንዳዎች አጓጓዙ። በባሕር የቀረው አብዛኛው ሞተ፤ በፍሎሪዳ ኪስ ደሴቶች የአጋዘን ቀንድ የሚመስሉት ሁለቱ የአክሮፖራ ዝርያዎች ከመቶ ዘጠና ሰባት በላይ እንዳለቁ በ2025 በሳይንስ መጽሔት የወጣው ጥናት አስታውቋል። ከገንዳዎቹ ግን ወላጆች ተርፈዋል። የፍሎሪዳ አኳሪየም ሙቀት ከለመደው ከሆንዱራስ የቴላ ባሕረ ሰላጤ የመጡትን ኮራሎች ከፍሎሪዳዎቹ ጋር አዳቅሎ ልጆቻቸውን አሳደገ፤ በ2025 ክረምትም ከማያሚ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ ማያሚ ፊት ለፊት ባለው ሪፍ ላይ ተከላቸው።